ብቻቸውን የሄዱት ጋሽ ምትኩ

«አባዬ ተኛ። መነሳት እምቢ አለ።»

ልጃቸው ሊዲያ የላከችልኝ መልእክት ይኸው ነበር። ሥራ ቦታ የእረፍት ክፍል ውስጥ ሆኜ ሳነበው መጀመሪያ ፈገግ አልኩ። የጋሽ ምትኩ የከሰዓት እንቅልፍ የታወቀ ነው፤ ልጅቱ በተሰባበረች አማርኛዋ የምትቀልድ መሰለኝ። «ተያቸው ይተኙ፣ ምን አስቸኮለሽ» ብዬ መለስኩላት። ስልኩን ኪሴ ልከት ስል ግን መልእክቱን ደግሜ አነበብኩት። ደወልኩላት። አነሳች። ስትተነፍስ ብቻ ይሰማኛል። ያን ጊዜ ገባኝ። አሜሪካ ተወልዳ ያደገች ልጅ «አረፈ» የሚለውን ቃል ከየት ታምጣው?

ጋሽ ምትኩ የሞቱት ኢንስፒራዳ በሚባለው ሰፈር በሚገኘው የልጃቸው ቤት፣ ሶፋ ላይ፣ ቴሌቪዥኑ እንደተከፈተ ነው። ሐኪሞቹ ልብ ነው አሉ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ሞታቸውን ከዚያ ጉዞ ጋር ሊያያይዘው ስለፈለገ ነው። «ያ በረሃ ነው የገደላቸው» ያለ አለ። በረሃ አይደለም፣ ዝናብና ነፋስ የማያጣው አገር ነው ብዬ ባስረዳ የሚሰማኝ አላገኘሁም። በዚያ ዕድሜ፣ ዓለም በበሽታ ተጨንቃ በሯን በዘጋችበት ጊዜ፣ ብቻቸውን መኪና ውስጥ እያደሩ ፓታጎኒያ ድረስ ምን ወሰዳቸው? ከመንገድ የላኩትን የድምፅ መልእክት ለልጃቸው የተረጎምኩት እኔ ስለሆንኩ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው እኔን ነው። እኔ ደግሞ በሰማሁ ቁጥር ይበልጥ ግራ እየገባኝ የሄድኩ ሰው ነኝ።

የተዋወቅነው እዚሁ ላስ ቬጋስ፣ ካዚኖ ውስጥ ነው። ሁለታችንም ዲለር ነበርን፤ ብላክጃክ ጠረጴዛ ላይ ቆመን ካርድ እናድላለን። እኔ በዲቪ መጥቼ፣ ሙያውን ተምሬ ስቀጠር እሳቸው የቤቱ ነባር ነበሩ። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ወጥተው፣ በስደተኝነት እዚህ ገብተው፣ ከዚያ ወዲህ ከዚህ ከተማ ንቅንቅ ያላሉ ሰው። ቀጠን፣ ረዘም ያሉ፣ የዩኒፎርሙ ጥቁር ሰደርያ እንደ ተሰፋላቸው ልክ የሚሆንላቸው።

ዲለር ከጠረጴዛ ሲለቅ እጁን አንዴ ያጨበጭብና መዳፉን ገልብጦ ለካሜራው ያሳያል፤ የደበቅኩት ነገር የለም ማለት ነው። ጋሽ ምትኩ ይህን ነገር ከሥራ ውጭ መተው አልሆነላቸውም። ሰው ቤት በልተው ሲነሱ ጭብ፣ መዳፍ ግልብጥ። ቤተ ክርስቲያን ጸበል ጻዲቅ ቀምሰው ሲነሱም እንዲሁ። ልጆቹ ይህን ለማየት ብለው አጠገባቸው ይቀመጡ ነበር።

አንድ ቀን አንድ ወጣት፣ ሚስት ሊያገባ መጥቶ በሠርጉ ዋዜማ መሆኑ ነው፣ ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጦ ገንዘቡን እየተበላ ነው። እኔ ከጎናቸው ባለው ጠረጴዛ ነበርኩ። ጋሽ ምትኩ ካርዱን ያዝ አደረጉና በዚያች ቀስ ባለች እንግሊዝኛቸው «ወንድሜ፣ ሂድ እህል ቅመስ» አሉት። ልጁ ተቆጣ፤ ሱፐርቫይዘሩ መጣ፤ ጋሽ ምትኩ ከጠረጴዛው ተነሱና ተገሠጹ። በእረፍት ሰዓት፣

«ምን ነካዎት? እንጀራዎን ሊያጡ ነበር እኮ» አልኳቸው።

«የራበው ሰው መጫወት የለበትም።»

«ራበኝ መቼ አለ?»

«እሱማ አላለም። እኔ ግን አየሁት» አሉና ሳንድዊቻቸውን ከፍለው ግማሹን ሰጡኝ። ርቦኝ እንደነበር ያወቅኩት ስበላው ነው።

ከአፋቸው የማትጠፋ አንዲት አነጋገር ነበረቻቸው፤ «እኔ መንገድ ጠግቤያለሁ።» ሎስ አንጀለስ ሠርግ ሲጠሩ፣ ለንግሥ በዓል ሌላ ከተማ እንሂድ ሲባሉ፣ መልሳቸው ይህችው ናት። ከሱዳን በፊት ለቀናት በእግራቸው እንደተጓዙ እናውቃለን፤ ከዚያ ያለፈ ግን አያወሩም። ሚስታቸው በሕይወት ሳሉም እንዲህ ነበሩ፤ ካረፉ በኋላ ባሰባቸው።

ሊዲያ ሲያትል ተምራ በፋርማሲስትነት ስትመረቅ አውሮፕላን ማረፊያ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። አዲስ ሱፍ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ ጠዋት በረንዳ ላይ ቆመው ነበር የጠበቁኝ። ማረፊያው በር ላይ ሻንጣቸውን አወረድኩላቸው። ሰው በአጠገባቸው ይገባል፣ ይወጣል፤ እሳቸው ቆሙ። ፊታቸው ላይ ላብ ችፍ አለ። ቆይተው ወደ እኔ ዞሩና «ሰናይት፣ አልችልም። መልሺኝ» አሉ። ለመንኳቸው። ሊዲያ ስልክ ላይ ሆና ለመነቻቸው። ሻንጣውን ራሳቸው መልሰው ጫኑት። ዊትኒ የሚባለው ሰፈር ያለው ቤታቸው እስክንደርስ ድረስ ከረባታቸውን ሲፈቱና መልሰው ሲያስሩት ነበር። ሊዲያ ያንን ቀን ሳትረሳው ኖራለች። ትክክል ናት፤ አባቷ እሷ ጋ ነው መሄድ ያቃተው።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው።

በሽታው ገብቶ ካዚኖዎቹ ሲዘጉ አስቤዛ እያደረስኩላቸው በራቸው ላይ እንጨዋወት ጀመር። እሳቸው በረንዳ ላይ ወንበር አውጥተው፣ እኔ መስኮቴን ዝቅ አድርጌ መኪናዬ ውስጥ። ክረምት ላይ ካዚኖው በጠረጴዛዎቹ ላይ መስታወት አቁሞ ሲከፈት እኔን ጠሩኝ፤ እሳቸውን አልጠሩም። አዝነው ነበር ብዬ አልምልም፤ አልመሰሉኝም። ብቻ ካርታ ማየት ያዘወትሩ ጀመር። ደግሞ አንድ ቀን ቦልደር ሃይዌይ ላይ ካምፐር ወደሚሸጥበት ቦታ አድርሺኝ አሉኝ፤ አልጋና ምድጃ ያለው፣ ሰው የሚያድርበት መኪና ማለት ነው። ሻጩ ሲያስረዳ አልሰሙትም። አንዱ ውስጥ ገብተው አልጋው ላይ ጋደም አሉ፤ ጣሪያውን እያዩ ቆዩ። ከዚያ «ንፋስ ሲመጣ ይገለበጣል?» ብለው ጠየቁ። እዚህ እኛ ጋ እንኳ አይገለበጥም አላቸው ሻጩ። «እዚህ አላልኩም» አሉ።

ኅዳር ውስጥ፣ ቲማቲምና ዳቦ ላደርስላቸው ስሄድ፣ «ፓታጎኒያ ልሄድ ነው» አሉኝ። የሆነ ካዚኖ ስም መሰለኝ። ካዚኖዎቹ የተደረደሩበትን ትልቁን ጎዳና አስቤ «ከስትሪፑ በየት በኩል ነው?» ስላቸው ወንበራቸው ላይ እስኪንፈራገጡ ሳቁ። ከዚያ አስረዱኝ። ከአሜሪካ ቁልቁል፣ ደቡብ አሜሪካን እስከ ታች፣ መሬቱ ሊያልቅ ሲል ያለ አገር ነው። ቺሊ ለውጭ ሰው በሯን ከፍታለች፤ መርምረው ያስገባሉ። እዚያ ካምፐር እከራያለሁ፤ ወደ ደቡብ የሚወርድ አንድ መንገድ አለ፤ እስኪያልቅ እነዳለሁ አሉኝ።

ምክንያቱን ለእያንዳንዳችን በየፊናችን ነገሩን። ለቄሱ፣ የእግዚአብሔርን ሥራ ልይ ብዬ ነው አሏቸው። ለሊዲያ፣ ቫኬሽን። ለእኔ ደግሞ፣ «በሕይወቴ የሄድኩትን መንገድ ሁሉ የሄድኩት ሰው እያባረረኝ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ማንም ሳያባርረኝ ልሂድ» አሉኝ። ይህ ገብቶኝ ነበር፤ ልቤ ውስጥ አስቀምጬው ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ያሉትን ሳስታውሳቸው «እንዲህ አልኩ እንዴ? ደህና ተናግሬያለሁ» ብለው አለፉት።

አሁንም አውሮፕላን ማረፊያ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። በሩ ላይ እንደዚያ ቀን ይቆማሉ ብዬ መኪናውን ሳላጠፋ ጠበቅኩ። ጭምብላቸውን አስተካከሉ፣ በእጃቸው ሰላም አሉኝና ገቡ። ዘወር ብለው እንኳ አላዩም።

የድምፅ መልእክቶቹ የሚመጡት ለሊዲያ ነበር። እስከዚያ ድረስ ጋሽ ምትኩ ልጃቸውን የሚያናግሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ በዚያች በተቆጠበች እንግሊዝኛቸው። «በላሽ? ደከመሽ? ገንዘብ አለሽ?» ከዚህ ብዙ አታልፍም። ከቺሊ ግን በአማርኛ መላክ ጀመሩ። ረጃጅም፣ የተንዠረገገ ወሬ። ሊዲያ ግማሹ አይገባትም፤ ወደ እኔ ትልከውና እኔ እተረጉምላታለሁ።

«ሊዲያ ልጄ፣ ዛሬ ዝናብ ነው። እዚህ አገር የአንዱ ተክል ቅጠል ጃንጥላ ያክላል። ቆርጬ ከራሴ በላይ ያዝኩት። ዝናቡን አላስጣለኝም እንጂ ነገሩስ ደህና ነበር።»

«ሊዲያ፣ አስፋልቱ አልቆ ጠጠር ጀመረ። መኪናዋ ጥርሴን አረገፈችው። ሰው የሚባል የለም። ከጠዋት ጀምሮ ያየሁት ፈረስ ላይ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ነው፤ ኮፍያውን አነሳልኝ፣ እኔም አነሳሁለት። ከዚህ በላይ ምን ወሬ አለ?»

«ነፋሱ መኪናዋን እሹሩሩ ሲላት ነው የሚያድረው። እንዲህ ያለ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም።»

ስተረጉምላት ሊዲያ ትስቃለች። «እንደዚህ ተናግሮኝ አያውቅም። ሁዋይ ናው?» አለችኝ አንድ ጊዜ። እኔንም እኮ እንደዚያ አናግረውኝ አያውቁም።

ከገና በፊት ባለው ሰሞን ንግግራቸው ውስጥ «እኛ» ገባች። «ሐይቁ ዳር አደርን። እሳት አነደድን።» የአነጋገር ልማድ ነው ብዬ አልፌው፣ ለሊዲያም «አደርኩ፣ አነደድኩ» እያልኩ ነበር የተረጎምኩት። ከዚያ ይህ መጣ፤

«የሐይቁ ውሃ ቀለሙ ሌላ ነው፤ ሰማያዊ ብልሽ ሰማያዊ አይደለም። እግሬን ነከርኩ። በላይ ይቀዘቅዛል ብሎ እምቢ አለ። ድሮም ውሃ ይፈራል።»

ደግሜ ሰማሁት። ሊዲያ ስልኩ ላይ ትጠብቃለች።

«በላይ ምን ማለት ነው? አፕ?» አለች።

«ስም ነው። የሰው ስም።»

«ሰው አለ እንዴ ከእሱ ጋር?»

«እንጃ፣ ሊዲያ።»

«ሰናይት፣ በአማርኛ… አባዬ ኦኬ ነው? ማለት፣ ሲያወራ፣ ኖርማል ሰው ይመስላል?» አለችኝ።

ይህችን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ልጅ አባቷ ጤነኛ ይሁን አይሁን ከድምፁ መለየት አቅቷት ሌላ ሰው ስትጠይቅ። ያለውን እውነት ነገርኳት። ድምፃቸው የረጋ ነው፤ አማርኛቸው የጠራ ነው፤ እንዲህ ደስ ብሏቸው ሰምቼ አላውቅም፤ ይህ በላይ የሚሉት ሰው ማን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ገና ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ ቅዳሴውን የሚያደርሰው ግቢው ውስጥ፣ ወንበር አራርቆ ነበር። ቅዳሴው ሲያልቅ ጋሽ ጌታሁን ጋ ሄድኩ። ከጋሽ ምትኩ ጋር ሱዳን አንድ ካምፕ ውስጥ የነበሩ፣ አሁን ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በላይ ማነው አልኳቸው። ጭምብላቸውን ወደ አገጫቸው አወረዱ።

«ማን ነገረሽ?»

«ጋሽ ምትኩ። አብሮኝ ነው እያሉ ነው።»

ጋሽ ጌታሁን አንድ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ከጎንደር አብረው ነው የወጡት። የትምህርት ቤት ጓደኛሞች ናቸው። ድንበሩን የተሻገረው አንዱ ነው።»

«ምን ሆኖ?»

«ወባ ነው የሚል አለ፤ ጥም ነው የሚል አለ። ምትኩ ለማንም አልተናገረም። ብቻ ካምፑ ውስጥ ምግብ ሲታደል ሁለት ሳህን ይዞ ነበር የሚሰለፈው። ጓደኛዬ ከኋላ እየመጣ ነው ይል ነበር። እኛም ዝም አልነው፤ አዳዮቹም ዝም አሉት። አንድ ቀን አንድ ሳህን ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ ስሙን ሲጠራ አልሰማሁም።»

ይህንን ለሊዲያ ነገርኳት። ከኢንስፒራዳ እኔ እስከምኖርበት ሴንቴኒያል ሂልስ ከተማውን አቋርጣ ነድታ መጣች፤ በራፌ ላይ ቆማ አለቀሰች። አዝናም፣ ተናዳም ነበር። እኔ ስመረቅ አውሮፕላን ውስጥ መግባት ያቃተው ሰው ለሞተ ሰው ብሎ የዓለም ጫፍ ሄደ ማለት ነው? አለች፤ ይህን በእንግሊዝኛ። አጠገቤ ሆና ደወለችላቸው። በዕድል ኔትዎርክ ያለበት ከተማ ነበሩ፤ አነሱ። ድምፁን ከፍታው እኔም እሰማለሁ።

«ዳድ፣ በላይ ማነው?»

«ጓደኛዬ» አሉ በእንግሊዝኛ፣ ቀለል አድርገው።

«የት ነው ያለው?»

«መኪና ውስጥ።»

«ዳድ፣ እባክህ ተመለስ።»

«ትንሽ ቀርቶናል» አሉ፤ ይህንን በአማርኛ። ስልኩ ተቋረጠ።

ከዚያ በኋላ ጠፉ። ጥምቀት አለፈ፣ ጥር አለቀ፣ ምንም የለም። ሊዲያ ኤምባሲ ደወለች፣ ካምፐሩን ያከራየው ሰውዬ ጋ ደወለች። ሰውዬው የምታደርገውን አጥታ ስትለማመጠው፣ ወደ ደቡብ የሚወስደው መንገድ በጎርፍ ተቆርጧል፣ እስኪጠገን ታገሺ አላት። የጠፋ ሰው ብዬ ላስመዝግበው ወይ አለችኝ። አስመዝግቢ አልኳት። ሥራ ላይ ከመስታወቱ ኋላ ቆሜ ካርድ ሳድል፣ አንድ ሰውዬ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ማንም ከሌለበት ወንበር ጋር ሲያወራ ይታየኛል። ያሳዝነኝ ወይስ ደስ ይበለኝ አላውቅም ነበር። ጸሎት ሳደርግም ምን ብዬ እንደምለምን ይጠፋኛል። ይመልሳቸው ልበል? ወይስ ይሁንላቸው?

የካቲት ላይ መልእክት መጣ። እስከ ዛሬ ስልኬ ላይ አለ።

«ልጄ፣ አስጨነቅኩሽ፤ ይቅር በይኝ። ወንዙ ድልድዩን ወሰደው። ወደ መንደሩ ልመለስ ብል በሽታ ይዘህ ይሆናል ብለው እንግዳ አናስገባም አሉ፤ አልፈርድባቸውም። ስዞር መኪናዋ ጭቃ ውስጥ ገባች። አንዲት ሴት መጣች፤ ዶኛ ኤልሳ ትባላለች፤ በእኔ ዕድሜ ትሆናለች፤ በግና ከብት አላት። በሬዎቿን ጠምዳ መጣችና መኪናዋን በሰንሰለት አሰረችላቸው። ገበሬ ያሳደገኝ አይደለሁ፣ እኔ ልንዳቸው ብዬ ተጠጋሁ። አንዱን ‹ሂድ፣ ና፣ ሳብ› አልኩት። በሬው ዞሮ አየኝ። አማርኛ አይሰማም። ሴትዮዋ ሳቋ መቆሚያ አጣ። ከዚያ በራሷ ቋንቋ አንድ ቃል ተናገረችው፤ መኪናዋ ብድግ አለች። ሜዳዋ ላይ እንድናድር ፈቀደችልን። ጠዋት ጠዋት ዳቦ አጥሩ ላይ ታስቀምጥልናለች፤ ሁለት ዳቦ። በላይ ጠግቧል። እኔም ጠግቤያለሁ። መንገዱ ሲጠገን መጨረሻውን አይተን እንመለሳለን።»

መንገዱ ተጠገነ፤ መጨረሻውን አዩ። ከዚያ የላኩት አንድ ፎቶ ብቻ ነው። ግራጫ ውሃ፣ የእንጨት መድረክ፣ መንገዱ እዚህ ያበቃል የሚል የሚመስል ሰሌዳ። እሳቸው ፎቶው ላይ የሉም። ማን እንዳነሳው መጠየቅ አያስፈልግም፤ ራሳቸው ናቸው። ቢሆንም ሊዲያ ጠየቀችኝ።

በጾሙ ውስጥ ተመለሱ። ከስተው፣ ጠቁረው፣ ጺም አብቅለው። ሊዲያ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ አቅፋቸው ቆየች፤ መኪና ውስጥ ገብተን ቀበቶ ሳናስር ግን፣ «ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይዣለሁ» አለቻቸው። እሺ አሉ። የማስታወስ ችሎታ የሚመረምር ሐኪም ነው። ሥዕል አሳያቸው፣ ቁጥር ወደ ኋላ አስቆጠራቸው፣ ቃላት ነግሯቸው ቆይቶ ጠየቃቸው። ካርድ ሲቆጥር ለኖረ ሰው ይህች ምን አላት። ምንም ችግር የለባቸውም አለ ሐኪሙ። ሊዲያ ደስ ሊላት ሲገባ ይበልጥ ተደናገረች። በሽታ ቢሆን ስም ይኖረው ነበር።

በሳምንቱ ቤቷ ምሳ ጠራችን። ሽሮ ሠርታ ነበር፤ ጨው አንሶታል፤ ማንም አልተናገረም። እየበላን ሳለ እኔ አላስችል አለኝ።

«ጋሽ ምትኩ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ አይቆጡኝም?»

«ጠይቂ።»

«ፓታጎኒያን ለምን መረጡ?»

«እኔ አይደለሁም የመረጥኩት።»

ሊዲያ ቀና አለች። አማርኛው ገብቷታል።

«አባዬ» አለች፤ ቃሉን እየፈለገች፤ «በላይ ሞቷል። ታውቃለህ?»

ጋሽ ምትኩ እጃቸውን ከሳህኑ አነሱ። አልተቆጡም። ፊታቸው ላይ ያየሁት ትንሽ መገረም ነው፤ ልጅ ግልጽ የሆነ ነገር ስትጠይቅ ሰው እንደሚገረመው።

«የቀበርኩት እኔ ነኝ፤ እንዴት አላውቅም?»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ምን? ብቻዬን መሄድ አልችልም። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ሰናይት አላየችኝም? አንቺ ስትመረቂ ብቻዬን ልሄድ ነበር የሞከርኩት» አሉ። ቀጥለውም፣ «ጨው ታቀብይኛለሽ?» አሉኝ።

ሊዲያ ይህን ሁሉ ይግባት አይግባት አላውቅም። ተነስታ ሄዳ ከጀርባቸው አቀፈቻቸው፤ እሳቸውም አንድ እጃቸውን በእጇ ላይ አድርገው በሌላው መብላታቸውን ቀጠሉ። እኔ ጨውን ይዤ ቀረሁ። መልስ አገኘን እላለሁ፤ ቤቴ ሄጄ ሳስበው ግን መልሱን ለሌላ ሰው ማስረዳት አልቻልኩም። ሞቷል ይላሉ፤ አብሮኝ ነበር ይላሉ። ሁለቱንም በአንድ ድምፅ።

የዊትኒውን ቤት ለቀው ኢንስፒራዳ ልጃቸው ጋ ገቡ። ከዚያ ወዲህ በላይን ሲያነሱ አልሰማሁም፤ «እኛ» ማለትም ተዉ። ከሊዲያ ጋር በአማርኛ ብቻ ያወሩ ጀመር፤ እሷም ከሥራ ስትመለስ በዚያች በእንግሊዝኛ አፍ በምትነገር አማርኛዋ የዋለችበትን ትነግራቸዋለች። ሲያርሟት ሰምቻለሁ። «መድኃኒቱ ነው የሚባለው፣ መድኃኒቷ አይባልም።» «ሁዋይ?» «እኔ አላወጣሁት።» ክረምቱ እንዲህ አለፈ፤ መኸር ላይ «አባዬ ተኛ» የሚለው መልእክት መጣልኝ።

ለቅሶው ላይ፣ ሰው ቀለል ሲል፣ ሊዲያ ወደ ጓዳ ጠራችኝ። ስልኳን ይዛለች። የካቲት ላይ የመጣውን መልእክት ጋሽ ምትኩ የላኩት በዶኛ ኤልሳ ልጅ ስልክ ስለነበር ቁጥሩ ነበራት፤ ጠዋት በአስተርጓሚ መተግበሪያ በስፓኒሽ አድርጋ ሞታቸውን ነግራቸው ኖሯል። አሁን ከዶኛ ኤልሳ መልስ መጥቷል። እንግሊዝኛ አድርጋ አነበበችልኝ፤ እኔ በአማርኛ እንዲህ ሰማሁት፤

«አባትሽ ደግ ሰው ነበር። በሬዎቼን ልንዳ ብሎ አስቆኛል። እግዚአብሔር ያሳርፈው። ጓደኛውስ እንዴት ነው? ዓይን አፋር ነበርና ከመኪናው ወርዶ ሰላም አላለኝም። አሁን ብቻውን ቀረ ማለት ነው?»

ሳሎን ውስጥ ሰዎች ያወራሉ። ሊዲያ ማቀዝቀዣውን ተደግፋ ጣቷን ስልኩ ላይ አድርጋ ቆመች። ጻፈች፣ ሰረዘች፣ ጻፈች፣ ሰረዘች።

«ምን ልበላት?» አለችኝ።

የለም፣ ጓደኛ የሚባል ሰው አልነበረም ልትል ትችላለች። ከብዙ ዓመት በፊት ሞቷል ልትል ትችላለች። ሊዲያ ግን አጎንብሳ አጭር ነገር ጻፈችና ላከችው። አሳየችኝ። አብረው ናቸው ይላል።

«ውሸት ነው?» አለችኝ።

«እንጃ» አልኳት፤ እውነቴን ነው። «እኔ አላውቅም፣ ሊዲያ።»

እሷም ራሷን ነቀነቀች። ስልኳን ኪሷ ከተተች፤ ውሃ የያዘውን ጆግ አንስታ እንግዶቹ ጋ ሄደች።